የሚያውቁኝ በቲኬት ቁጥር ነው

ጥያቄ

ይድረስ ለእትዬ፦

27 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ ስድስት እህት ኩባንያዎች ባሉት አንድ ድርጅት ውስጥ የጋራ አገልግሎት ማዕከል በሚባለው ክፍል ከገባሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ የአቅራቢዎች ክፍያ ነው። ስድስቱም ኩባንያዎች ሰነዳቸውን ወደ እኛ ይልካሉ፤ እኛ አራተኛ ፎቅ ላይ 14 ሆነን እናመሳክራለን፣ እንከፍላለን፣ የጎደለውን እንመልሳለን። ሰው አላይም። የሚመጣልኝ ቲኬት (በሲስተም የሚላክ፣ ቁጥር ያለው የሥራ ጥያቄ) ነው፣ የምሰደውም ቲኬት ነው። ባለፈው የዓመት መጨረሻ ግብዣ ላይ ከፋብሪካው የመጣ አንድ ሰው ስሜን ስነግረው፣ “እንዴ! ሁልጊዜ የምትመልሺብን አንቺ ነሽ?” ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

አለቃዬ “ኔትወርክ ካልሠራሽ እዚሁ ወንበር ላይ ነው የምታረጂው” ይሉኛል። ጓደኞቼ ሆቴል ውስጥ በሚደረጉ ስብሰባዎች እየተገኙ ካርድ ይለዋወጣሉ። እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ደግሞም እውነቱን ልንገርዎትና “ሰው መያዝ” የሚባለው ነገር ከሙስና ተለይቶ አይታየኝም። ምን ይመክሩኛል?

የአራተኛ ፎቋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

የአራተኛ ፎቋ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ዓይኔ የቀረው ያ የፋብሪካ ሰው ላይ ነው። አንቺ እንደ ስድብ ወስደሽዋል። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው፦ በስድስት ኩባንያ ውስጥ ስምሽን ከሥራሽ ጋር ያገናኘ ሰው ቢያንስ አንድ ተገኝቷል። ተናዶም ቢሆን ያውቅሻል። ከሱ እንጀምር።

ሥራሽን ለእናቴ አስረጂ ብባል በዕድር ነበር የማስረዳት። ዕድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት የሚገዛው እያንዳንዱ አባል ለየቤቱ እንዳይገዛ ነው። ሁሉም ያዋጣል፣ አንድ ሰው ይጠብቃል፣ የቸገረው ይወስዳል። የናንተም ነገር ያው ነው፤ ስድስት የሂሳብ ክፍል ከሚቋቋም አንድ ተቋቋመ። (ሰሞኑን ብዙ ሰው ይህን መሶብ ከሚባለው የመንግሥት አገልግሎት ጋር ያምታታዋል። መሶብ ባለጉዳዩን ከፊት ሆኖ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያስተናግድ ነው፤ የናንተ ሥራ ከጓዳ ነው።) እንግዲህ በዕድር ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ማንን ነው? ሊቀመንበሩን ስሙን እንጂ መልኩን የማያውቅ ብዙ ነው። የንብረት ጠባቂውን ግን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል፤ ሌሊት የሚንኳኳው የሱ በር ነዋ። አንቺ የንብረት ጠባቂነት ቦታ ላይ ተቀምጠሽ “ማንም አያውቀኝም” ትያለሽ። በርሽን የቆለፈው ቲኬቱ ነው።

እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት ስሙን ሳላውቅ ነው። ከኮሜርስ በዲፕሎማ ወጥቼ በ1996 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንዲት ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ። ወረዳዎች በጀታቸውን ራሳቸው ማስተዳደር ከጀመሩ ገና ነበር። በየጽሕፈት ቤቱ የሂሳብ ሠራተኛ ማስቀመጥ ስለማይቻል፣ የግብርናውም የጤናውም የትምህርቱም የውሃውም ሂሳብ፣ ግዥና ደመወዝ እኛ ዘንድ ተጠቃሎ ይሠራ ነበር። “ፑል” ይባላል። እኛም “ፑሎች” ነበርን፤ ሲሉትም በፍቅር አልነበረም። ዛሬ ክራኮው፣ ቡዳፔስት፣ ማኒላ ውስጥ በመስታወት ሕንፃ ውስጥ ያሉ የጋራ አገልግሎት ማዕከሎች የሚሠሩት ሥራ፣ ሲስተሙንና ቡናውን ብትቀንሺለት፣ ያ የእኛ የካርቦን ወረቀት ሥራ ነው።

ከግብርና ጽሕፈት ቤት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የውሎ አበል ቫውቸር ይመጣልኛል። የተቆጣጣሪው ፊርማ የለበትም። መለስኩት። መጣ፣ አሁንም የለበትም። መለስኩት። በሦስተኛው የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ራሳቸው ይዘውት መጡ። ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ጫማቸው ጭቃ ብቻ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ምንም ሳይናገሩ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ቆይተው፣ “ልጄ፣ ይሄ ፈርም የምትይው ሰው የት እንዳለ ታውቂያለሽ?” አሉኝ። አላውቅም አልኩ። “እንግዲያው ቅዳሜ ነይ” አሉኝ።

ሄድኩ። መኪና የሚደርስበት ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር። ተቆጣጣሪው ችግኝ ጣቢያ ላይ ነው የሚውለው፤ ወደ ወረዳው ከተማ ብቅ የሚለው በወር ሁለት ቀን ነው። እኔ በቀይ እስክሪብቶ “ፊርማ ይሟላ” ብዬ ስጽፍ አንድን ሰው የአራት ሰዓት ደርሶ መልስ ማዘዜ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሰኞ ተመልሼ ለኃላፊዬ ነገርኩና በደብዳቤ ውክልና ተሰጥቶ ከተማ ያለው ሰው እንዲፈርም ተደረገ። ከመመሪያው አንዲት መስመር አልተጣሰም። ከዚያ በኋላ የግብርና ቫውቸር መመለስ ብርቅ ሆነ።

ያ ሰው የኔ ኔትወርክ የመጀመሪያው ናቸው፤ ቃሉን ሳላውቀው በፊት። ሰባት ዓመት ቆይተው ወደ ዞን ተዛውረው ሳለ ደወሉልኝ፦ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት የቅርንጫፎቹን ሂሳብ ወደ አንድ ሊጠቀልል ነው፣ ፑል የሠራ ሰው ይፈልጋል፣ ማስታወቂያው ወጥቷል፣ ጊዜው አርብ ያልቃል። ማንንም አላናገሩልኝም። ማስታወቂያውን ነገሩኝ፤ ተወዳድሬ ገባሁ።

አሁን ወዳንቺ። የሦስት ወር የተመለሱ ቲኬቶችሽን አውጪና ቁጠሪ፤ ከየትኛው ኩባንያ፣ በምን ምክንያት፣ ማን የላከው። ብዙ ሰው አታገኚም። የግዥ ትዕዛዙ፣ የዕቃ መረከቢያውና የሻጩ ደረሰኝ አልመሳከር ካለ ሦስቱ ወረቀቶች ከሦስት ሰው እጅ ነው የሚወጡት፣ ችግሩም ከአንዱ ዘንድ ነው የሚውለው። የፋብሪካው ከሆነ እንደምገምተው መረከቢያው ነው፦ መኪናው ማታ ይደርሳል፣ ዕቃው ይራገፋል፣ መዝጋቢው ጠዋት ነው የሚገባው፣ ቁጥሩ ከደረሰኙ ጋር አይገጥምም። ይህን አራተኛ ፎቅ ሆነሽ ልታውቂው አትችይም። አለቃሽን ግማሽ ቀን አስፈቅጂና ሂጂ። “ቲኬታችሁ ለምን እንደሚመለስ ላሳያችሁ ሳይሆን ለምን እንደሚጎድል ለማየት መጣሁ” በያቸው። ያ ጀርባውን የሰጠሽን ሰው ፈልጊው፤ መጋዘኑን እንዲያስጎበኝሽ ለምኚው። ሰው የራሱን ሥራ ሲያሳይ ልቡ ይከፈታል። ዓይን አፋርነትሽም እዚህ ጋ አይጎዳሽም፤ የሚያወራው እሱ ነው፣ አንቺ ጠያቂና ሰሚ ነሽ።

ስትመለሺ አንድ ገጽ ጻፊ፤ በአማርኛ፣ “ክፍያ እንዳይመለስ እነዚህን እዩ” የሚል። የሻጩ ግብር ከፋይ ቁጥር፣ የቫት ደረሰኝ፣ የዊዝሆልዲንግ ወረቀት፣ የመረከቢያው ቀን፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከታች ስምሽንና የውስጥ ስልክሽን አድርጊበት። “የክፍያ ክፍል” ብለሽ እንዳትፈርሚ። ቲኬት ስትዘጊም እንደዚያው፤ በስምሽ ዝጊ። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ለአሥራ ምናምን ዓመት “ሂሳብ ክፍል” ተብለው ሲጠሩ ኖረው በጡረታ መሸኛቸው ቀን ስማቸው የተጠየቀ ሰዎች አውቃለሁ።

የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ግንቦት አጋማሽ ላይ ለየኩባንያው አንድ አንድ ሰው ደውይ። “ያልተላከ ደረሰኝ መሳቢያ ውስጥ ካላችሁ አሁን ላኩ፣ ሰኔ 25 ላይ ተሰልፈን እንዳንተላለቅ” በያቸው። እነሱ ሰኔ መጨረሻ ላይ እንቅልፍ ካገኙ ማን እንዳስተኛቸው አይረሱም።

የሙስናው ነገር። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስጋትሽ ትክክል ነው፣ እኔም ወድቄበታለሁ።

አዲስ አበባ ከገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። ከአንድ ቅርንጫፍ የምትሠራ፣ ቡና አብረን የምንጠጣ ጓደኛዬ ደወለች። “አቅራቢው ቢሮዬ ቆሞ እየጮኸብኝ ነው፣ ባክሽ ዛሬ አስወጪልኝ።” ወረፋው ስድስት ቀን ነበር። አሳዘነችኝ። ሰነዱን ከሥር አወጣሁና ለብቻው በእጅ ክፍያ አዘጋጀሁ፣ ተፈረመ፣ ተከፈለ። ቅጂው ግን በወረፋው ውስጥ ቀርቶ ነበር። በስድስተኛው ቀን የሥራ ባልደረባዬ ተራውን ጠብቃ ደግማ ከፈለችው። 84 ሺህ ብር ሁለት ጊዜ ወጣ። አቅራቢው ብሩን ለመመለስ አራት ወር ፈጀበት፤ በየሳምንቱ የምደውለው እኔ ነበርኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማኅደሬ ውስጥ ገባ። ተገቢ ነበር። ከዚያ የከፋው ያቺ ባልደረባዬ ናት፤ ምንም ሳታጠፋ ኦዲተር ፊት ቀርባ አለቀሰች። እስከ ዛሬ ስንገናኝ አልፎ አልፎ ዝም እንባባላለን።

ከዚያ ወዲህ ለማውቀው ሰው የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰነዱ የት እንደደረሰና ምን እንደጎደለው እነግረዋለሁ። ቦታውን አላንቀሳቅስም። ጓደኛዬም ብትሆን፣ የዋና ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊም ብትሆን። በመጀመሪያ “ተለወጥሽ” ተባልኩ። በኋላ ግን ከማላውቃቸው ቅርንጫፎች ሳይቀር “እሷን ጠይቋት፣ እውነቱን ትነግራችኋለች” እየተባለ ይደወልልኝ ጀመር። የዕድሩ ንብረት ጠባቂም ቢሆን ድንኳኑን ቀድሞ ለጠየቀው ሐዘንተኛ እንጂ ለአበልጁ አይሰጥም። አስቸኳይ የሚሆን ነገር በእርግጥ ይኖራል፤ ለሱ ግን የተጻፈ መንገድ ይኑር፣ ማን እንደሚፈቅድ ይታወቅ። ከሌላችሁ አንቺ ረቂቁን ጻፊና ለአለቃሽ ስጪ። ያም ቢሆን ስምሽን የሚያስጠራ ሥራ ነው።

ከድርጅትሽ ውጭስ? ሆቴሉን አልከለክልሽም፤ በዓመት አንዴ ሂጂ፣ ምሳው ጥሩ ነው። እኔን የጠቀሙኝ ግን ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው የጥናት ቡድን ነው። ኤሲሲኤ (ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ማረጋገጫ) ስንማር አራት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ካፌ እንገናኝ ነበር፤ ዛሬ አንዱ ባንክ ውስጥ፣ አንዷ እርዳታ ድርጅት፣ አንዱ ኦዲት ድርጅት ነው ያሉት። አዲስ የግብር መመሪያ ሲወጣ ከጋዜጣው ቀድመን የምንነጋገረው እኛ ነን። ሁለተኛው ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ቦታ ነው፤ ሲስተም የሚቀየርበት ጊዜ። ድርጅትሽ ሳፕ ወይም ኦራክል የሚባለውን የሂሳብ ሲስተም አስገባለሁ ሲል፣ ወይም ያለውን አሻሽላለሁ ሲል፣ “ለሙከራ ማን ይመደብ?” ይባላል። ሁሉም አንገቱን ይደፋል፤ ማታ ማምሸት፣ ቅዳሜ መግባት ስላለበት። አንቺ እጅሽን አውጪ። እኔ በአንድ የሲስተም ሽግግር ወቅት የተዋወቅኳቸው የአይቲ፣ የግዥ፣ የሰው ኃይልና የአማካሪ ድርጅት ሰዎች በስምንት ዓመት የቢሮ ሕይወት ከተዋወቅኳቸው ይበልጣሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ፓስታ አብሮሽ የበላና የማይገጥም የሂሳብ ሚዛን ስህተቱን አብሮሽ የፈለገ ሰው ስምሽን አይረሳም።

ሊንክድኢን ላይ “አካውንታንት” ብቻ ብለሽ ከሆነ አስተካክዪው። “ለስድስት ኩባንያዎች የአቅራቢ ክፍያ፣ ከግዥ ትዕዛዝ እስከ ክፍያ” በይ። የሙያው ሰዎች የሚፈላለጉት በዚህ ቋንቋ ነው። ወደፊት ወደ ውጭ ካሰብሽም ይጠቅምሻል፤ ተመድ ለአፍሪካ ተልዕኮዎቹ በኢንቴቤ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በኩዋላ ላምፑር፣ ዩኒሴፍ በቡዳፔስት እንዲህ ያሉ ማዕከሎች አሏቸው። ቅጥሩ በግልጽ ማስታወቂያ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ “ከተገልጋይ ጋር ያጋጠመሽን ችግር እንዴት ፈታሽ?” ማለታቸው አይቀርም፤ ያኔ የፋብሪካውን መጋዘን ትነግሪያቸዋለሽ።

ሄደሽ ስትመለሺ ጻፊልኝ። የሰውየውን ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ

ዱባይ የአንድ የሆቴሎች ድርጅት ማዕከላዊ ሂሳብ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ከ22 ሰው 17ቱ ሕንዶች ናቸው፣ አብዛኛው ከኬራላ። በቋንቋቸው ያወራሉ፣ ክፍት ቦታ ሲኖር እርስ በርስ ይነጋገራሉ። እኔ ብቻዬን ነኝ። ሐበሾች ጋር ብሄድ ሁሉም ሌላ ሥራ ላይ ናቸው። እዚህ አገር ለእኔ ዓይነቱ ኔትወርክ የሚባል ነገር አለ?

ወንድምሽ፣ ከዱባይ

መልስ

ወንድሜ፣ ምሳ የት ነው የምትበላው? ይህን ለቀልድ አይደለም የምጠይቅህ። ብቻህን ጠረጴዛህ ላይ ከሆነ ከነገ ጀምሮ አብረሃቸው ብላ። ከቋንቋቸው አሥር ቃል ተማር፤ ሰላምታ፣ ምስጋና፣ “በላህ ወይ?” እኛስ አንድ ፈረንጅ “እንደምን አደራችሁ” ሲለን እንዴት ነው የምንሆነው? እነሱም ሰው ናቸው። እርስ በርስ መጠራራታቸውንም አትቀየም፤ ሐበሻ ቢበዛበት እኛም ያንኑ እናደርጋለን።

ሌላው፣ በባሕረ ሰላጤው አገር ሰው አይከርምም። ኮንትራት ያልቃል፣ ሌላ ድርጅት ይሄዳል። የስንብት ኬክ በተቆረጠ ቁጥር አንድ የምታውቀው ሰው አዲስ ቢሮ ገባ ማለት ነው። የተሰናበተን ሰው ከአንድ ወር በኋላ “አዲሱ ቦታ እንዴት ነው?” ብለህ ጻፍለት። ብዙ ሰው የሚጽፈው ሥራ ሲፈልግ ብቻ ስለሆነ የአንተ ይታወሳል።

እጅህ ላይ ያለውንም አትናቅ። ኤምሬትስ ቫት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፣ በ5 በመቶ። የኩባንያ ትርፍ ግብር 9 በመቶ ደግሞ ገና በ2023 ነው የመጣው። አንተ ቫት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 በመቶ ከሚሰበሰብበት፣ የትርፍ ግብርም አዲስ ካልሆነበት አገር ነው የሄድከው። ደንቡ ይለያይ እንጂ ለግብር መርማሪ ፋይል ማዘጋጀት ምን እንደሆነ ታውቃለህ። በክፍልህ ያንን ሥራ ማን እንደያዘው እይና አግዘው። ስለ ግብር የሚጠየቅ ሰው ከሆንክ በየትኛውም ቋንቋ ስምህ ይጠራል።

ጥያቄ

እትዬ፣ የደመወዝ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ቢዝነስ ካርድ ላሳትም ወይስ ይቅርብኝ?

ከሐዋሳ

መልስ

ይቅርብህ። በዚያ ብር የጡረታውን 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው መሆኑን ጠይቀው ለማያውቁ አዲስ ተቀጣሪዎች የደመወዝ ወረቀታቸውን መስመር በመስመር የምታስረዳበት ቡና ግዛ። ስልክህን እነሱ ይጠይቁሃል።